እርዱ የደረሰበት ሁሉ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረውን የእህቴን ልጅ ባለፈው ዓመት ልጠይቃት ስሄድ፣ በር ላይ አቅፋ ከሳመችኝ በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ «ጋሼ፣ እንዳይደነግጡ፤ ሳሎን ውስጥ እንሽላሊት አለ» የሚል ነበር።

እውነትም አለ። መስታወት ሳጥን ውስጥ፣ መብራት ሥር፣ ክንድ የሚያህል እሾሃም እንሽላሊት ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ይሞቃል። ዘሩ የአውስትራሊያ ነው። «ቢርድድ ድራጎን» ይሉታል፣ ጺማም ዘንዶ እንደ ማለት፤ ሲቆጣ አገጩ ሥር ያለውን ቆዳ ነፍቶ ስለሚያጠቁረው ነው። ዘንዶነቱ ግን ለስሙ ያህል ነው፤ ጎመንና ፌንጣ እየበላ የሚኖር ገራም ፍጡር ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ትከሻው ላይ አውጥቶት ቤቱን ሲዞር የስምንት ወር እህቱ ምንጣፉ ላይ ትድሃለች። ዕድሜዬን ሥነ ሕይወት ሳስተምር የኖርኩ ነኝና ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው ምንጣፉ ላይ ነበር።

ቡናው እየፈላ ሳለ ጥያቄዋን አመጣችው። «ጓደኞቼ ‹ትል አለበት፣ ልጆችሽን ያስጨርስሻል› እያሉ ያስፈራሩኛል። ልጁ ደግሞ ከሳጥኑ ሥር አይነሳም። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ላስወጣው ወይስ ይቀመጥ?»

ለዚህ የአንድ ቃል መልስ የለኝም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና ልጅን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ እያስቀመጥኩ ያስረዳኋቸውን እዚህ በየተራው አሰፍረዋለሁ። አዲስ አበባ ግቢው ውስጥ ኤሊ የሚያሳድግ ሰውም ቢያነበው ያው ነው፤ ነገሩ ለኤሊም፣ ለእንሽላሊትም፣ ለእባብም አንድ ነው።

መጀመሪያ ሁለት መዝገብ እንክፈት። ሰው «ትል አለበት» ሲል ሁለት ነገር ይደባልቃል። አንደኛው ከእንስሳው ወደ ሰው የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ከእንስሳው ወጥቶ ተመልሶ ወደዚያው ወደ እንስሳው የሚገባው ነው። የመጀመሪያው በአብዛኛው ትል ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። ትሉና የትሉ ቢጤዎች ያሉት ሁለተኛው መዝገብ ላይ ሲሆን እነሱ ደግሞ በአብዛኛው የሰው ጠላት አይደሉም። ይህ ካልተለየ ለልጁ የሚገባው ጥንቃቄ ለእንሽላሊቱ፣ ለእንሽላሊቱ የሚገባው ለልጁ ይሆናል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከልጆቹ የትል ሽሮፕ የተረፈውን ለኤሊው ያጠጣ ሰው አውቃለሁ።

የመጀመሪያውን መዝገብ እንያዝ። እዚያ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስም ሳልሞኔላ ነው። ከሳልሞን ዓሣ ጋር ዝምድና የለውም፤ ዳንኤል ሳልሞን ከሚባል አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም የተወሰደ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ባክቴሪያውን ያገኘው ግን በሥሩ ይሠራ የነበረው ቲዮባልድ ስሚዝ ነው። ሥራው የምንዝር፣ ስሙ የአለቃ! ከዚህ ቤተሰብ አንዱን እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ነው። የታይፎይዱ ግን ቤቱ የሰው ገላ ብቻ ነው። ተሳቢ እንስሳት የሚሸከሟቸው ሌሎቹ ናቸው፤ እነሱ ወደ ሰው አፍ ከገቡ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያስከትላሉ። ጤነኛ ጎልማሳ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይነሳል። ሕፃን፣ አዛውንት ወይም የሰውነቱ መከላከያ የደከመ ሰው ላይ ግን ባክቴሪያው ከአንጀት ተሻግሮ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ ነገሩ የሆስፒታል ነው።

አሁን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ያስቸግር ወደነበረው ነጥብ እንምጣ። ሳልሞኔላ በእንሽላሊቱ አንጀት ውስጥ ብዙውን ጊዜ በሽታ ሳይሆን ነዋሪ ነው። እንስሳው አይታመምበትም፣ አይከሳበትም፣ ዓይኑ ጥርት ብሎ፣ ጎመኑን በደንብ እየበላ ይሸከመዋል። «የኔ ጤነኛ ነው» የሚለው መከራከሪያ ስለዚህ ዋጋ የለውም። ላስመርምረው ብትሉም ባክቴሪያው አንድ ቀን ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ ሌላ ቀን አይወጣም፤ «የለበትም» የሚል ወረቀት ይዞ የተመለሰ እንሽላሊት በሳምንቱ ሊያወጣው ይችላል። በአንቲባዮቲክ እናጥፋው የሚለውም አያዋጣም፤ ከአንጀቱ ጨርሶ አይነቅለውም፣ የሚተርፈውን ግን መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል።

«እንግዲያው ምን ቀረን?» አለች የእህቴ ልጅ።

መንገዱ ቀረን። ባክቴሪያው ከእንሽላሊቱ ኩስ ተነስቶ ሰው አፍ እስኪደርስ የሚሄድበት መንገድ አለ፤ ልንቆርጠው የምንችለው እሱን ነው። መንገዱ ግን አይታይም። በትምህርት ቤት ሳለሁ እንደማደርገው እንዲታይ ማድረግ ነበረብኝ።

ከመደርደሪያው እርድ አስወረድኩ። ከልጁ መጫወቻዎች መካከል አንድ የጎማ እንሽላሊት መርጬ ጀርባውንና ሆዱን በእርድ አሸሁት። «ይኸውልህ፣» አልኩት፣ «ለሩብ ሰዓት እንደ እውነተኛው አድርገህ ተጫወትበት። እኔ ምንም አልናገርም።» ልጁ ሳቀ፣ ወሰደው፣ ትከሻው ላይ አደረገው፣ ሶፋ ላይ አስቀመጠው፤ ስልኩ ሲጮህ አነሳ፤ ውኃ ጠማውና ፍሪጅ ከፈተ፤ እህቱ ስታለቅስ የወደቀ ጡጦዋን አንስቶ ሰጣት። ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ ሦስታችን ቢጫ ፍለጋ ወጣን። የፍሪጁ እጀታ ላይ አለ። ስልኩ ላይ አለ። የልጁ ጆሮ ላይ፣ የሸሚዙ አንገት ላይ፣ የሶፋው ክንድ ላይ አለ። የጡጦው ጫፍ ላይም አለ። ልጅቷ የጎማውን እንሽላሊት አንዴም አልነካችም።

እናቲቱ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ አልተናገረችም። እኔም ዝም አልኩ፤ ከማስረዳት ዝምታ የሚሻልበት ሰዓት አለ።

ይህ የጠረጴዛ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ላይ በዴንቨር የእንስሳት ማቆያ የኮሞዶ ድራጎን ትርኢት ነበር፤ ኮሞዶ ማለት በኢንዶኔዥያ ደሴቶች የሚገኝ፣ ከእንሽላሊቶች ሁሉ ግዙፉ ነው። ትርኢቱን ያዩ በርካታ ሕፃናት በሳልሞኔላ ታመሙ። አጥኚዎች ሲመረምሩ የታመሙት ልጆች እንስሳውን እንዳልነኩት አወቁ። የነኩት በዙሪያው የነበረውን የእንጨት አጥር ነው። እንስሳቱ ኩሳቸውን ረግጠው በፊት እግራቸው አጥሩ ላይ ይቆሙ ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ ለማየት ሲንጠራሩ አጥሩን ይይዙ ነበር። ከጉብኝቱ በኋላ እጃቸውን የታጠቡት በአብዛኛው ከበሽታው ተርፈዋል። አጥሩ የኛ ጡጦ መሆኑ ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ትንሿ ኤሊ ከትልቋ የበለጠ መርዝ ኖሯት አይደለም፤ ሕፃን አፍ ውስጥ የምትገባ መሆኗ ነው። እስከ ዛሬ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጧት አሉ። ልጅ ለምኖ ያስገዛችሁ እንደሆነ ከሕግ ውጭ የተሸጠች መሆኗን ዕወቁ።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ በግልጽ ነገርኳት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት ተሳቢ እንስሳ እንዳይኖር ይመክራል። እኔም ከመገዛቱ በፊት ብጠየቅ «ታናሿ ትደግና» እል ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ሞላ። በመጨረሻ የደረሱበት ስምምነት ሳጥኑ ከሳሎን ወጥቶ ፎቅ ላይ ልጁ ክፍል ውስጥ በሩ ተዘግቶ እንዲቀመጥ፣ እንስሳው ምንጣፍ እንዳይረግጥ፣ ልጁ ከያዘው በኋላ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ታጥቦ ሸሚዙንም ቀይሮ እንዲወርድ ነው። እንሽላሊት መሳም ደግሞ ፈጽሞ የለም። ስምምነቱ ማዕከሉ ከሚመክረው ያነሰ ነው፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ።

ወደ ሁለተኛው መዝገብ እንሻገር፤ ትሎቹ እዚህ ናቸው።

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ ኮሶና ወስፋት ይበቁኛል። የኮሶ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይሄድም። ዕንቁላሉ ሜዳ ላይ ይወድቃል፣ ከሣር ጋር ከብት ይበላዋል፣ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ያድጋል፣ ያንን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው ላይ ትል ይሆናል። መሐል ላይ ደላላ አለ፤ ከብቱ። ወስፋት ግን ደላላ አይፈልግም። ዕንቁላሉ መሬት ላይ ጥቂት ሰንብቶ ይበስልና ባልታጠበ እጅ ወይም ጎመን ተመልሶ ይገባል። አሁን ጠይቁ፤ በመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚያስቸግረው የትኛው ነው? ልጁ ወዲያው መለሰ፦ «ደላላ የማይፈልገው!» ልክ ነው። ሳጥን ውስጥ ከብት የለም። በጫካ ካለ እንስሳ ላይ የሚገኙ ብዙ ትሎች ደላላቸውን ስለሚያጡ ሳጥን ውስጥ ዘራቸው ይቋረጣል። ደላላ የማይፈልገው ግን ከሜዳ ይልቅ ሳጥን ይመቸዋል፤ እንስሳው በራሱ ኩስ ላይ ሲመላለስ፣ ኩስ የነካ ቅጠል ሲበላ፣ ዕንቁላሉን መልሶ መላልሶ ይውጠዋል። በሰፊው ምድር ጥቂት የነበረው ትል በጠባቡ ሳጥን ሺህ ይሆናል።

በቢርድድ ድራጎንና በየብስ ኤሊ ላይ በብዛት የሚገኙት ከዚህ ወገን የሆኑ ክር የሚመስሉ ጥቃቅን ነጭ ትሎች ናቸው። ወደ ሰው አይተላለፉም። ጥቂት ከሆኑ እንስሳውንም አይጎዱም። ሌላው ኮክሲዲያ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ዶሮ ያረባ ሰው ስሙን ያውቀዋል። የእንሽላሊቱ ኮክሲዲያ የራሱ ዓይነት ነው፣ የዶሮው ወደ እሱ፣ የእሱ ወደ ዶሮ አይሄድም፤ አካሄዳቸው ግን ተመሳሳይ ነው። ልብ በሉ፤ የትሉ ዕንቁላልም ሆነ የኮክሲዲያው ዘር ከኩሱ ጋር እንደወጣ ወዲያውኑ አያጠቃም። ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል። በየቀኑ ኩስ መልቀም የሚባለው ሥራ ትርጉሙ ይህ ነው። የምትለቅሙት ለሽታው ብላችሁ ሳይሆን ሳይበስል ቀድማችሁ ለመድረስ ነው። ሁለት ቀን ያደረ ኩስ ዛሬ ከወጣው ጋር እኩል አይደለም።

ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጥ አንድ ክፉ አለ፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም። ከኩሱ ጋር ሲወጣ የበሰለ ሆኖ ነው፤ በረኪናም አይገድለውም። ጌኮ በሚባሉት ወፍራም ጅራት ያላቸው ትናንሽ እንሽላሊቶች ላይ ሲገባ ስብ የሚጠራቀምበት ጅራታቸው ሟሽሾ እንጨት ይመስላል። አስተማማኝ ፈውስ የለውም። እንዲህ ያለ እንስሳ ያያችሁ እንደሆነ ዕቃውን ከሌላው ዕቃ ጋር አታገናኙት።

ሙቀትን ሳልጠቅስ ባልፍ ስህተት ይሆንብኛል። ተሳቢ እንስሳ የገላውን ሙቀት ከውጭ ነው የሚበደረው። ብድሩ ካነሰ ምግብ አይፈጭለትም፣ የሰውነቱም መከላከያ ይቀዘቅዛል፤ ትናንት ተቻችለውት ይኖሩ የነበሩ ትሎች ያኔ ይበረቱበታል። ለቢርድድ ድራጎን መብራቱ ሥር ያለው ቦታ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ቀዝቀዝ የሚልበት ጥግ ያስፈልገዋል። የእህቴ ልጅ ቤት ቴርሞሜትር አልነበረም። ስንገዛና ስንለካው 31 ሆኖ ተገኘ። «ትል አለበት ወይ?» ከማለታቸው በፊት «ይሞቀዋል ወይ?» ቢሉ ይሻል ነበር።

ትል መኖሩን የምናውቀው በሰገራ ምርመራ ነው። በዕለቱ የወጣ ኩስ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይደረጋል፤ ነጩ ክፍል ሽንቱ ነው፣ የሚፈለገው ቡናማው ነው። እስኪወሰድ ከምግብ በተለየ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። ላቦራቶሪው ምን እንደሚያደርገው ልጁ ስለጠየቀኝ የዶሮ ዕንቁላል አስመጣሁ። ተራ ውኃ ውስጥ ሰመጠ። ውኃው ላይ ጨው እየጨመርን ስናማስል ዕንቁላሉ ተነስቶ ተንሳፈፈ። የትል ዕንቁላልም እንዲሁ ነው፤ ኩሱን በጨው ወይም በስኳር በጠገበ ውኃ ሲበጠብጡት ቆሻሻው ይዘቅጣል፣ ዕንቁላሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ተነስቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

መድኃኒቱን ሐኪም ይወስን። ለትሎቹ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፌንቤንዳዞል ነው። አንድ ነገር ግን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ለኤሊ አይቨርሜክቲን አይሰጥም! አይቨርሜክቲን ትልቅ መድኃኒት ነው። በሀገራችን ምዕራብ በወንዝ ዳር ዝንብ የሚተላለፈውን የኦንኮሰርኪያሲስ በሽታ ለመግታት ለሕዝብ የታደለው እሱ ነው፤ ከብት፣ በግና ፍየልም ይወጉታል፤ ያገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊሊያም ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸልመዋል። ኤሊን ግን ሽባ አድርጎ ይገድላል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ዓመታት ግቢው ውስጥ የኖረች ኤሊው ላይ መዥገር አየና ለበጎቹ ከመጣው መርፌ ጥቂት አስወጋት። በሁለተኛው ቀን አንገቷን መሰብሰብ አቃታት። መዥገሩን በወረንጦ ከሥሩ ይዞ ቀጥ አድርጎ መንቀል ይበቃ ነበር።

መዥገርን ካነሳሁ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 በሀገራችንም የሚገኙትን ሁለት የየብስ ኤሊዎች፣ እንደ ነብር ዥጉርጉር የሆነውንና ባለ ሹል ጭኑን ግዙፍ፣ ከውጭ እንዳይገቡ የከለከለችው ከላያቸው ያለው መዥገር የከብትና የበግ ገዳይ በሽታ ይዞ እንዳይገባባት ነው። እባብ ያላችሁ ደግሞ የውኃ ሳህኑ ውስጥ እንደ ኑግ ፍሬ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ደም መጣጮች ገብተዋል፤ ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት እባቡ ላይ ሳይሆን የሳጥኑ ስንጥቅ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ እባቡን ብቻ ማከም ግማሽ ሥራ ነው።

አሁን ዕጥበቱ። ብዙ ሰው በረኪና አብዝቶ ቆሻሻው ላይ ያፈሳል፤ በረኪናው ጉልበቱን እዚያው ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ትክክለኛው ተራ ይህ ነው። እንስሳውን አውጥታችሁ ሌላ ዕቃ ውስጥ አድርጉት፣ የበረኪናው ትነት ሳንባውን ይጎዳዋልና። ጓንት አድርጋችሁ ኩሱንና የሳጥኑን ንጣፍ አውጡ። በሳሙናና በሙቅ ውኃ ፈትጋችሁ እጠቡ፤ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፣ ዕንቁላሉን ነቅሎ የሚያወጣው ፍትጊያው ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ በ1 ሊትር ውኃ 30 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጣችሁ ቀቡት፣ 10 ደቂቃ ይቆይ። በብዙ ውኃ አለቅልቁት፣ ሽታው እስኪጠፋ አድርቁት። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ የሚጎዳው እናንተንም ነው። ኮክሲዲያ ካለ በረኪናን አትመኑ፤ የፈላ ውኃ ወይም እንፋሎት ነው የሚያጠፋው። ዕጥበቱ ወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ አይደረግም፤ እጣቢውም ወደ ሽንት ቤት ይደፋ።

አዲስ እንስሳ ስታመጡ ቢያንስ ለሁለት ወር በሌላ ክፍል አቆዩት፤ ሥሩ የወጥ ቤት ሶፍት አንጥፉለት፣ ነጭ ስለሆነ ሁሉን ያሳያል። ስትመግቡም የቆየውን ቀድማችሁ፣ አዲሱን በመጨረሻ ይሁን። ያልተበላ ፌንጣ ማታ አውጡ፤ ኩስ ላይ ሲሄድ አምሽቶ ጠዋት የሚበላ ፌንጣ ራሱ ተላላኪ ነው።

እኔ ከመመለሴ በፊት የኩሱ ውጤት ደረሰ። ሐኪሟ ጥቂት የትል ዕንቁላል አግኝታለች፤ መድኃኒት አያስፈልግም፣ ሙቀቱን አስተካክሉ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ድጋሚ አምጡ ብላለች። ልጁ ትንሽ ቅር አለው፤ መርፌ ሲወጋ ለማየት ጓጉቶ ነበር። እናቱ ግን ለሳጥኑ ብቻ የሚሆን ቀይ ስፖንጅ ገዝታ በወፍራም እስክሪብቶ «የእንሽላሊት» ብላ ጽፋበታለች፤ የጡጦ ማጠቢያው ካለበት መደርደሪያም አርቃ ፎቅ ላይ ሰቅላዋለች።